የፖከር እጆችን ዕድል በእርሳስና በወረቀት ቆጥሮ መማር

ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ መማር ለሚጀምር ሰው በቅድሚያ የሚሰጠው የእጆች፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚወዳደርባቸው አምስት አምስት ካርታዎች፣ ቅደም ተከተል የተጻፈበት ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ሮያል ፍላሽ፣ ከታች ደግሞ አንድም ጥንድ የሌለበት ተራ እጅ ተዘርዝሮበታል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም የመምጣት ዕድሉ በቁጥር ተቀምጧል። እኔም እንደ ሌላው ሰው ይህን ሠንጠረዥ በቃሌ ለመያዝ ሞክሬ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ፍላሽ ስትሬትን ይበልጣል ወይስ ስትሬት ፍላሽን የሚለው እንኳ ተምታታብኝ። የረዳኝ አንድ ምሽት እርሳስና ወረቀት ይዤ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ራሴ መቁጠሬ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሠንጠረዡን ማየት አላስፈለገኝም። የእጆቹ ማዕረግ ማንም በምርጫው የወሰነው አይደለምና፤ በብዛት የሚመጣው ዝቅ ይላል፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ከፍ ይላል። መቁጠር የቻለ ሰው ማዕረጉንም ዕድሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጆከሮቹ የወጡለት ባለ 52 ካርታ፣ ደብተር፣ እርሳስና አንድ ሳህን ሽምብራ ቆሎ ነው። ሽምብራው በገንዘብ ምትክ የሚቀመጥ ነው። ዕድል የሚማር ሰው በገንዘብ እንዳይጀምር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ገንዘብ የቀረበበት ሰው ዓይኑ ያለው በብሩ ላይ እንጂ በቁጥሩ ላይ አይደለምና። ካርታው አራት ምልክቶች አሉት፤ እነሱም ሀርት፣ ዳይመንድ፣ ክለብና ስፔድ ናቸው። በእያንዳንዱ ምልክት ሥር 13 ካርታዎች ይገኛሉ፤ ከ2 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና አስ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም ከ4 እና ከ13 ነው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ከ52 ካርታ ስንት የተለያዩ ባለ አምስት ካርታ እጆች ሊወጡ እንደሚችሉ ነው። የመጀመሪያው ካርታ ከ52ቱ ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ከቀሩት 51፣ ሦስተኛው ከ50፣ አራተኛው ከ49፣ አምስተኛው ከ48። እነዚህ ሲባዙ 311,875,200 ይሆናሉ። ይሁን እንጂ በዚህ አቆጣጠር አንድ እጅ በተለያየ ቅደም ተከተል ሲታደል እንደ ብዙ እጅ ተቆጥሯል። አምስት ካርታዎች በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጡ ስለሚችሉ (5 × 4 × 3 × 2 × 1) በ120 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱም 2,598,960 ነው። ይህ ቁጥር በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ይጻፍ፤ በባለ አምስት ካርታ ጨዋታ የእያንዳንዱ እጅ ዕድል የሚገኘው የእጁ ብዛት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ነው።

አሁን አንድ ጥንድ የያዘውን እጅ ቀስ ብለን እንቁጠር። ከካርታው ውስጥ አራቱንም 8 አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ይደርድሩ። ከአራቱ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሲያጣምሩ ስንት ጥንድ እንደሚያገኙ በእጅዎ እያነሡ ይቁጠሩ፦ ሀርት ከዳይመንድ፣ ሀርት ከክለብ፣ ሀርት ከስፔድ፣ ዳይመንድ ከክለብ፣ ዳይመንድ ከስፔድ፣ ክለብ ከስፔድ። ስድስት ናቸው። ጥንዱ 8 ብቻ ሳይሆን ከ13ቱ ደረጃዎች ማንኛውም ሊሆን ስለሚችል 13 × 6፣ ማለትም 78 ጥንዶች አሉ። የቀሩት ሦስት ካርታዎች ደግሞ ከጥንዱም ሆነ እርስ በርሳቸው መመሳሰል የለባቸውም፤ ስለዚህ ከቀሩት 12 ደረጃዎች ሦስት የተለያዩ ይመረጣሉ፤ ይህ በ220 መንገድ ይቻላል። እያንዳንዳቸውም ከአራቱ ምልክቶች አንዱን ሊይዙ ስለሚችሉ በ4 × 4 × 4፣ ማለትም በ64 ይባዛል። ሁሉም ሲባዛ 1,098,240 ይሆናል፤ ለጠቅላላው ሲካፈልም 42.26 ከመቶ። በሌላ አነጋገር አምስት ካርታ በታደለ ቁጥር ከአምስቱ ጊዜ ሁለቱን ያህል አንድ ጥንድ ይመጣል ማለት ነው።

ሁለት ጥንድ ላይ ሲደረስ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። የመጀመሪያውን ጥንድ በ13 × 6፣ ሁለተኛውን በ12 × 6፣ አምስተኛውን ካርታ ደግሞ ከቀሩት 44 ካርታዎች መርጬ ሳባዛ 247,104 አገኘሁ። ይህ ከትክክለኛው መልስ ልክ እጥፍ ነው። ምክንያቱን ለማየት ሁለት 8 እና ሁለት ኪንግ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ «8 እና ኪንግ» ብዬ የቆጠርኩትን እጅ «ኪንግ እና 8» ብዬ ሌላ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ከጥንዶቹ አንዳቸው የመጀመሪያ፣ ሌላቸው ሁለተኛ ተብለው የሚለዩበት ነገር የለም። ስለዚህ ለሁለት መካፈል አለበት፤ ትክክለኛው ብዛት 123,552፣ ዕድሉም 4.75 ከመቶ ነው። በፉል ሃውስ ግን እንዲህ ያለ ማካፈል አያስፈልግም፤ ሦስቱ ተመሳሳይና ሁለቱ ተመሳሳይ በብዛታቸው ስለሚለያዩ «ሦስት 8 ከሁለት ኪንግ ጋር» እና «ሦስት ኪንግ ከሁለት 8 ጋር» በእርግጥም ሁለት የተለያዩ እጆች ናቸው። ይህን ልዩነት በደንብ የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ብቻውን ሊቆጥር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የቀሩትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ሦስት ተመሳሳይ ካርታ ያለበት እጅ 54,912 ጊዜ ይገኛል፤ ይህም ከ47 እጅ አንዱ ነው። ስትሬት፣ ማለትም አምስት ተከታታይ ደረጃ፣ ከአስ እስከ 5 ካለው ጀምሮ ከ10 እስከ አስ እስካለው ድረስ አሥር ዓይነት ሲሆን አምስቱም ካርታዎች ማንኛውንም ምልክት ሊይዙ ስለሚችሉ 10 × 1,024 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ምልክታቸውም አንድ የሆነው 40 ሲቀነስ 10,200 ይቀራል። ፍላሽ፣ ማለትም ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ፣ 4 × 1,287 ሲሆን ያው 40 ተቀንሶ 5,108 ይሆናል። ፍላሽ ስትሬትን የሚበልጠው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ የስትሬቱን ግማሽ ያህል ነው። ፉል ሃውስ 3,744 ነው። አራት ተመሳሳይ ካርታ 13 × 48፣ ማለትም 624 ብቻ ነው፤ ከ4,165 እጅ አንዱ። የተቀነሱት 40ዎቹ ስትሬት ፍላሽ ናቸው፤ ከእነሱም ከ10 እስከ አስ ያሉት አራቱ ሮያል ፍላሽ ይባላሉ፤ ዕድላቸውም ከ649,740 አንድ ነው። ከዚህ ሁሉ የማይመደበው ተራ እጅ 1,302,540 ሲሆን ከጠቅላላው ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። ሁሉንም ደምረው 2,598,960 ካላገኙ አንዱ ቦታ ላይ ስሕተት አለና ተመልሰው ይፈልጉ።

ቆጥረው ሲጨርሱ ካርታውን በሚገባ በውዘው አምስት አምስት እያደሉ መቶ ጊዜ ይሞክሩና ውጤቱን በደብተር ላይ በጭረት ይመዝግቡ። በየጊዜው ካርታው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና መበወዝ አለበት። እኔ ስሞክር በመጀመሪያው መቶ አንድ ጥንድ የመጣው 38 ጊዜ ነበር፤ ስሌቴ የተሳሳተ መስሎኝም ነበር። ነገር ግን 42 የሚለው ቁጥር አማካይ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም፤ በመቶ ሙከራ ከ32 እስከ 52 መካከል ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ሙከራ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ የዕድልን ባሕርይ የሚያሳየው እሱ ነው። በተከታታይ ስድስት ጊዜ ተራ እጅ ከመጣ በኋላ ሰባተኛው «አሁንስ ጥንድ መምጣት አለበት» የሚያሰኝ ስሜት ይፈጥራል፤ ካርታው ግን ቀድሞ የመጣውን አያስታውስም፤ እንደገና ከተበወዘ በኋላ ዕድሉ ያው 42.26 ነው።

ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው፤ በእርሱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል፣ ከዚያም በጠረጴዛው መሃል አምስት ካርታ በግልጽ ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚዘረጉት ሦስቱ ፍሎፕ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላሉ። ከ52 ካርታ ሁለት የሚወሰድበት መንገድ 1,326 ነው (52 × 51 ለ2 ሲካፈል)። ሁለት አስ ለማግኘት ስድስት መንገድ ብቻ ስላለ ዕድሉ ከ221 አንድ ነው፤ ማንኛውንም ጥንድ ለማግኘት ግን 78 መንገድ አለና ከ17 አንድ ይሆናል። አስ እና ኪንግ በ16 መንገድ ይመጣሉ፤ ይህም የሁለት አስን ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ጥንድ ይዘው ፍሎፑ ላይ ሦስተኛው ተመሳሳይ ካርታ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚመጣበት ዕድል 11.8 ከመቶ ነው፤ ማለትም ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ። ትንሽ ጥንድ ይዞ በከፍተኛ ዋጋ የሚገባ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ቁጥር ይህ ነው።

በሆልደም እጅ የሚሠራው ከሰባት ካርታ ምርጥ አምስቱን ወስዶ ስለሆነ ቀደም ብለን የቆጠርናቸው ዕድሎች በጣም ይለወጣሉ። ተራ እጅ ከ50 ከመቶ ወደ 17.4 ከመቶ ይወርዳል፤ አንድ ጥንድ 43.8፣ ሁለት ጥንድ 23.5፣ ሦስት ተመሳሳይ 4.8፣ ስትሬት 4.6፣ ፍላሽ 3.0፣ ፉል ሃውስ 2.6 ከመቶ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በሰባት ካርታ ተራ እጅ ከአንድ ጥንድም ከሁለት ጥንድም ያነሰ ብዛት እንዳለው ነው። በመቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማዕረጉ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ሆኖም ማዕረጉ የተወሰነው በባለ አምስት ካርታው ቆጠራ ነውና በዚያው ጸንቷል። ከአምስት ካርታ ጨዋታ ወደ ሆልደም የሚሸጋገር ሰው ሁለት ጥንዱን አብዝቶ የሚያምነው ይህን ለውጥ ስላላየ ነው።

በጨዋታ መካከል ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በየደቂቃው የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ እጄን የሚያሻሽሉልኝ ስንት ካርታዎች ቀርተዋል? ተጫዋቾች እነዚህን ካርታዎች አውት ይሏቸዋል። የሀርት አስ እና የሀርት 7 ይዘዋል እንበል፤ ፍሎፑ ላይ የሀርት ኪንግ፣ የሀርት 4 እና የስፔድ 9 ወጡ። አራት ሀርት አለዎት፤ በጠቅላላው 13 ሀርት ስላለ ያልታዩት ዘጠኝ ናቸው፤ አውቶችዎም ዘጠኝ። ያልታዩት ካርታዎች ደግሞ 52 ሳይሆኑ 47 ናቸው፤ ሁለቱ በእጅዎ፣ ሦስቱ በጠረጴዛው ላይ ናቸውና። ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው «የሌሎቹ ተጫዋቾች ካርታስ አይቀነስም ወይ?» የሚል ነው። አይቀነስም። በሰው እጅ ያለ ግን ያላዩት ካርታ ለእርስዎ ከጥቅሉ ግርጌ እንዳለ ካርታ ነው፤ ሀርት ይሁን አይሁን ስለማያውቁ ከቆጠራው ሊያወጡት አይችሉም። ስለዚህ ተርኑ ላይ ፍላሽ የሚሞላበት ዕድል 9 ለ47፣ ማለትም 19.1 ከመቶ ነው።

ሁለቱም ካርታዎች እስኪወጡ ድረስ ያለውን ዕድል ለማግኘት የማይመጣበትን መቁጠር ይቀላል። ተርኑ ላይ ከ47ቱ 38ቱ አይጠቅሙም፤ ሪቨሩ ላይ ከ46ቱ 37ቱ አይጠቅሙም። ሁለቱ ሲባዙ 65 ከመቶ ያህል ይሆናሉ፤ የሚመጣበት ዕድልም 35 ከመቶ ነው። ይህን በጨዋታ ላይ ማስላት ስለሚያስቸግር ተጫዋቾች አቋራጭ ይጠቀማሉ፦ አንድ ካርታ ብቻ ከቀረ አውቱን በ2፣ ሁለት ካርታ ከቀረ በ4 ማባዛት። ዘጠኝ አውት በ4 ሲባዛ 36 ይሆናል፤ ከእውነተኛው በአንድ ብቻ ይበልጣል። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት፣ ለምሳሌ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ ስምንት አውት ስላለው 32 ይሰጣል፤ እውነተኛው 31.5 ነው። መሃሉ የጎደለ ስትሬት አራት አውት ስላለው 16 ይሰጣል፤ እውነተኛው 16.5 ነው። አቋራጩ የሚሳሳተው አውቱ ሲበዛ ነው፤ ለ15 አውት 60 ሲል እውነተኛው 54 ነው። ስለዚህ ከ12 አውት በላይ ሲሆን ከውጤቱ ላይ ጥቂት መቀነስ ያስፈልጋል።

አውት መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ካርታው መጥቶም የሚያሸንፍ መሆኑ መታየት አለበት። ባለጋራዎ በእጁ አንድ ኪንግ ይዞ ከጠረጴዛው ኪንግ ጋር አንድ ጥንድ ብቻ ካለው በምሳሌያችን ውስጥ የቀሩት ሦስቱ አስ ለእርስዎ ተጨማሪ አውት ይሆናሉ፤ አውቶቹም 12፣ ዕድሉም 45 ከመቶ ይደርሳል። ከኪንጉ ጋር አስ ይዞ ከሆነ ግን የእርስዎ አስ ሲመጣ እርሱ ሁለት ጥንድ ይሠራል። ሦስት 4 ይዞ ከሆነ ደግሞ የሀርት 9 መምጣቱ ለእርስዎ ፍላሽ ለእርሱ ፉል ሃውስ ይሆናል፤ ዘጠኙ አውት ወደ ስምንት ይወርዳል። ጥንቁቅ ተጫዋች አጠራጣሪውን አውት እንደ ግማሽ ይቆጥረዋል፤ እኔ ለጀማሪ የምመክረው ጨርሶ እንዳይቆጥረው ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ዕድሉን ከዋጋው ጋር ማመዛዘን ነው፤ ሽምብራው የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። መሃል ላይ አሸናፊው የሚወስደው 30 ሽምብራ አለ እንበል፤ አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷል፤ ፍላሹ ገና አልሞላም። ባለጋራዎ 10 ጨመረ፤ መሃሉ 40 ሆነ፤ እርስዎም ለመቀጠል 10 መክፈል አለብዎት። አሁን ያልታዩት ካርታዎች 46 ናቸው። ይህንኑ ሁኔታ 46 ጊዜ ተጫወቱት ብለን ብናስብ እያንዳንዱ ያልታየ ካርታ አንድ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በዘጠኙ 40 ሽምብራ ያገኛሉ፣ ድምሩ 360 ነው፤ በ37ቱ 10 ያጣሉ፣ ድምሩ 370 ነው። በ46ቱ ጨዋታ 10 ሽምብራ ከስረዋል። መሃል ላይ በመጀመሪያ የነበረው 30 ሳይሆን 32 ቢሆን ኖሮ ግን ግኝቱ 378 ሆኖ 8 ሽምብራ ያተርፉ ነበር። በሁለት ሽምብራ ልዩነት አንዱ ውሳኔ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ይሆናል፤ ይህም የሚታወቀው በቆጠራ ብቻ ነው። የተቋረጠ ጨዋታ ገንዘብ በተጫዋቾቹ መካከል እንዴት ይከፈል የሚለው የዚህ ጥያቄ የቅርብ ዘመድ በ1654 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓስካልና ፈርማ የተባሉትን ሁለት ፈረንሳውያን የሒሳብ ሊቃውንት ደብዳቤ ያጻጻፈ ሲሆን፣ ዛሬ ፕሮባቢሊቲ የምንለው የሒሳብ ዘርፍ መሠረት ከተጣለባቸው ሥራዎች አንዱ ያ ደብዳቤ ነው።

ለልምምድ የሚከተለውን ያድርጉ። ካርታውን በውዘው ለራስዎ ሁለት፣ ለጠረጴዛው ሦስት ያድሉ። አውቱን ቆጥረው በ4 ያባዙና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ተርኑንና ሪቨሩን ገልጠው መጣ ወይም አልመጣም ብለው ይመዝግቡ። ምንም አውት የሌለበትን እጅ አልፈው ሌላ ያድሉ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ለመቁጠር አንድ ደቂቃ ሊፈጅብዎት ይችላል። ዘጠኝ አውት ያላቸውን እጆች ብቻ ለይተው ሠላሳ ያህል ሲሞሉ ስንቱ ፍላሽ እንደሆነ ይመልከቱ፤ አሥር አካባቢ ከሆነ ቆጠራዎም ብወዛዎም በትክክል ሄዷል፤ አምስት ወይም አሥራ አምስት ከሆነ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ያድሉ።